በጠራራ ፀሐይ የተፈጨ ወይን

የመፍጫው ክዳን በመዳፍ ካልተያዘ ይዘላል። ስለዚህ ፍሬን የሚሏት ሴት በግራ እጇ ክዳኑን ተጭና፣ በቀኟ ማብሪያውን ነካ ለቀቅ፣ ነካ ለቀቅ ስታደርግ ነው በሩ የተንኳኳው። ሰምታለች፤ ግን ንቅንቅ አላለችም። በረዶ የሆነ ወይን ይሉኝታ አያውቅም፤ መሃል ላይ ካቋረጡት ይቀልጥና ማንም የማይጠጣው ውሃ ይሆናል። በሩ ደግሞ ተንኳኳ። አንድ እፍኝ የበረደ ኮክ ጨመረችና እንደገና ተጫነችው። ወጥ ቤቱ ጠጠር እንደሚያራግፍ መኪና ተንጓጓ።

«የቸኮለ በመስኮት ይግባ» አለች። ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ፍሬን እውነተኛ ስሟ አይደለም። መኪና መንዳት ታስተምራለች። ተማሪው መሪ ይዞ ሲንቀጠቀጥ፣ እሷ ከጎኑ ተቀምጣ፣ እግሯን ከሁለተኛው ፍሬን ላይ ሳታነሳ፣ ከአውቶቡስ ጋር ሊሳሳም የሚሄደውን ሁሉ ስታቆም ኖራለች። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። ከእነሱ ሰፈሩ ተቀበለ፤ ከሰፈሩ ቤተሰቡ። በዚህ ስም ጠርቷት የማያውቀው የቀድሞ ባሏ ብቻ ነው። ቀልድ አይወድም ነበር፤ በተለይ እሱ ያልጀመረውን።

የወይኑን ነገር ያስተማረቻትም ተማሪዋ ናት። ሆቴል ውስጥ መጠጥ ቀጂ የሆነች፣ ወደ ኋላ ሄዶ ማቆም አልሆንልሽ ብሏት ፈተናውን ደጋግማ የወደቀች ሴት። ባለፈች ቀን «ምን ልጋብዝሽ?» ስትላት፣ ፍሬን «ሙያሽን» አለቻት። ነጩ ወይን በበረዶ መሥሪያው ላስቲክ ተሞልቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል። እንደ ውሃ ድንጋይ አይሆንም፤ ጣት ሲጫነው እሺ ይላል። ኮኩ፣ ማንጎውና እንጆሪው ተከትፈው ለየብቻ ይበርዳሉ። በማግስቱ ሁሉም ከጥቂት ማርና ከሎሚ ጋር ይፈጫል። ከረዘመ ይቀልጣል፤ ካጠረ ጥርስ ይሰብራል። «እንደ መኪና ፍሪሲዮን ነው» ብላት ነበር ሴትየዋ፤ «ቀስ ብለሽ ነው የምትለቂው።»

ለሦስተኛ ጊዜ ሲንኳኳ የእህቷ ድምፅ ተከተለ።

«ቤት እንዳለሽ እኮ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ ነው።»

ፍሬን መፍጫውን አጥፍታ ከፈተችላት። ታላቅ እህቷ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ተረከዘ ረጅም ጫማዋን አድርጋ፣ በላስቲክ የተሸፈነ ሰማያዊ ቀሚስ በክንዷ አንጠልጥላ ገባች። ደረጃው ትንፋሿን ቆራርጦታል።

«አልለበስሽም» አለች።

«ለብሻለሁ፤ ይኸው።» ፍሬን የቤት ቀሚሷን ጎተት አድርጋ አሳየቻት።

«አትቀልጂብኝ። ምሳው ተጀምሯል፤ መኪናው ከታች እየጠበቀን ነው።» ዓይኗ ወደ ጠረጴዛው ዞረ፤ ወደ ወይኑ ጠርሙስ፣ ወደ ማንጎው ልጣጭ፣ በእንጆሪ ወደ ቀላው መክተፊያ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ወይን።»

«በቀን? ብቻሽን?»

«ማታማ ይበርደኛል።»

የሚመጣውን ጭቅጭቅ ስላወቀችው፣ ፍሬን የመፍጫውን ጆግ እንዳለ ወደ ማቀዝቀዣው መለሰችው። ጭቅጭቅ ሙቀት አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀድሞ ባሏ ነገ ያገባል። ማግባቱን ስትሰማ ፍሬን አልከፋትም። ሊዘንብ ነው ቢሏት ከዚያ የበለጠ ታስባለች፤ የተሰጣ ልብስ ይኖራታልና። ጣጣው የመጣው ከሙሽራዋ አክስት ነው። ወላጅ የሌላትን ልጅ ያሳደገችው ይህች አክስት፣ «የመጀመሪያ ሚስቱን በዓይኔ ሳላይ ልጄን አልሰጥም» ብላ ቆርጣለች። እሱም «እኛ እኮ እንደ እህትና ወንድም ተሳስቀን ነው የተለያየነው፤ የሁለቱ ቤተሰቦች ምሳ ላይ ያገኟታል» ብሎ ቃል ገባ። ቃሉን የገባው እሱ፣ የምትከፍለው እሷ። የታናሽ ወንድማቸው እንጀራ በዚያ ሰውዬ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ሳምንቱን ሙሉ ፍሬንን ሲለማመጥ ከርሟል።

«አንድ ሰዓት ብቻ» አለች እህቷ፣ ቀሚሱን ወንበር ላይ እያነጠፈች። «ትገቢያለሽ፣ ሴትየዋን ሰላም ትያለሽ፣ ፈገግ ብለሽ ትወጫለሽ። ንግግር አድርጊ ያለሽ የለም።»

«ፈገግታው ነው ንግግሩ፣ እትዬ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እዚያ ከጎኑ ቆሜ ጥርሴን ካሳየሁ፣ ደግ ሰው ነው፣ ልጅሽን ስጪው ብዬ መሰከርኩ ማለት ነው። በሐሰት።»

«ያለፈ ነገር ነው እኮ። እሱም ተለውጧል ይላሉ።»

ፍሬን ግራ እጇን በእህቷ ፊት ዘረጋች። ትንሿ ጣት ከሌሎቹ ተለይታ ወደ ውጭ ዘምማለች።

«ለዚች አላለፈላትም» አለች።

ጣቷ የተሰበረ ቀን የመኪናውን ቁልፍ ይዛ እናቷ ዘንድ ልትሄድ ነበር። ባሏ አልጮኸባትም፤ አልሰደባትም። እጇን ያዘና ቁልፉን የጨበጡትን ጣቶች አንድ በአንድ እየፈለቀቀ፣ የመጨረሻዋን ወደ ኋላ አጠፋት፤ ቋ እስክትል ድረስ። ከዚያ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ዜና ሊያይ ተቀመጠ። ለሐኪሙ «ደረጃ ላይ ወድቃ ነው» ያለው እሱ ነው፤ ለቤተሰቡ ያንኑ የደገመችው ደግሞ ራሷ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ በቤቱ ያላወቀ አልነበረም፤ የተናገረም አልነበረም።

እህቷ ጣቷን አየችና ዓይኗን ወደ መስኮቱ አሸሸች። «እማዬ ደሟ ከፍ ብሏል» አለች ቀስ ብላ። «ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ የላትም።»

«የእማዬ ደም እኔ በተናገርኩ ቁጥር ነው ከፍ የሚለው። ዝም ስልም ከፍ ካለ መድኃኒቷን ትውሰድ።»

ይህን ብላ ማቀዝቀዣውን ከፈተች፤ ከጆጉ በማንኪያ ጫፍ ቀመሰች። «ሎሚ አንሶታል።»

«አሁን አንቺን የታየሽ ሎሚው ነው?»

«እሱ የሚስተካከል ነገር ነው።» ግማሽ ሎሚ ጨመቀችበት፤ አማሰለችና መልሳ ዘጋችው።

የእህቷ ስልክ ጮኸ። ወንድማቸው ነው። እህቷ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከጀርባው የማንኪያና የሳቅ ድምፅ ይሰማል፤ እሱ ግን የሚያወራው በሹክሹክታ ነው።

«የት ደረሳችሁ?»

«አልመጣም የኔ ወንድም» አለች ፍሬን።

«በእናትሽ። ሰውዬው እያየኝ ነው። እሷ ካልመጣች አንተም ሰኞ እንዳትመጣ ብሎኛል።»

ይህን ልጅ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ፊደል ያስቆጠረችውም፣ መንዳት ያስተማረችውም። ሌላው ቢለምናት ጆሮዋን ትደፍናለች፤ የእሱ ልመና ግን ጥርስ አለው።

«እንዲህ አለህ?»

«እየሳቀ ነው ያለኝ።»

«እየሳቀ ያንተንም ጣት እያጠፈ ነው ማለት ነው።»

አንድ ሰው በአጠገቡ አለፈ መሰል፣ ወንድሟ «እየመጡ ነው፣ እየመጡ ነው» ሲል ተሰማ፤ ከዚያ ወደ እነሱ ተመለሰ። «ለአንቺ ቀላል ነው» አላት። «የራስሽ ሥራ አለሽ።»

«ቀላል አይደለም። አንተ ሥራ ብታጣ እኔም የምተኛ እንዳይመስልህ። ቤቴ ይበቃናል፤ ሥራም ሁለታችንም እንፈልጋለን። ለእሱ ስትለምነኝ ግን ሁለተኛ እንዳልሰማህ። አልመጣም።»

ስልኩ ተዘጋ። ወንድማቸው ይዝጋው ወይ መስመሩ ይቆረጥ አልታወቀም።

እህቷ ወንበሩ ላይ፣ ከሰማያዊው ቀሚስ አጠገብ፣ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። «እሺ» አለች። «አትምጪ። ታማለች እላለሁ። ትኩሳት ይዟት ከአልጋ አልተነሳችም እላለሁ። ልጁም ከሥራው አይባረርም፤ አንቺም ፊቱን አታይም። ይሄን እንኳ እሺ በዪኝ።»

ይህ መንገድ ሰፊ ነበር። ማንም አይጎዳበትም፤ ፍሬንም ወይኗን በሰላም ትጠጣለች። አፏን ከፍታ እሺ ልትል ደርሳ ነበር። ያኔ ሙሽራዋ ትዝ አለቻት። አንድ ጊዜ የትራፊክ መብራት ላይ፣ ከጎኗ በቆመው የቀድሞ ባሏ መኪና ውስጥ አይታታለች። እሱ በስልክ እያወራ ነበር። ልጅቷ ሁለት እጇን ጭኖቿ መካከል ሸጉጣ፣ የተፈቀደላትን ያህል ቦታ ብቻ ይዛ፣ ፊት ለፊቷን ታያለች። ፍሬንም ከእሱ ጎን እንደዚያ ተቀምጣ ታውቃለች።

ስልኩ ዳግመኛ ጮኸ። እህቷ ስሙን አይታ ደነገጠች። «አክስቲቱ ናት» አለችና አነሳች። «ጤና ይስጥልኝ… አዎ፣ እየመጣን ነበር፤ ግን ድንገት አመማት… ትኩሳት፣ አዎ፤ እዚሁ ተኝታ…»

«ስጪኝ» አለች ፍሬን።

እህቷ ጀርባዋን ሰጠቻት። ፍሬን ዞራ መጥታ፣ ሳትነጥቅ፣ እጇን ዘርግታ ጠበቀች። እህቷ አየቻት፣ አየቻትና ስልኩን መዳፏ ላይ አኖረችው።

«ጤና ይስጥልኝ፤ እኔ ነኝ» አለች ፍሬን። «አልታመምኩም። ደህና ነኝ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ወይን ከፍራፍሬ ጋር ፈጭቼ ልጠጣ ነው። ያልመጣሁት መምጣት ስላልፈለግሁ ነው።»

ከወዲያ የመጣው ድምፅ ጎርነን ያለ፣ የማይቸኩል ነበር።

«ለምን አልፈለግሽም ልጄ?»

«በስልክ የሚሆን አይደለም። ሊሰሙት ከፈለጉ ቤቴን ልንገርዎት።»

«ንገሪኝ።»

ነገረቻት፤ መንገዱን፣ ሕንፃውን፣ ፎቁን።

«አውቀዋለሁ፤ ሩቅ አይደለም» አለች ሴትየዋ። «መድኃኒቴን ረሳሁ ብዬ እወጣለሁ።»

ፍሬን ስልኩን ለእህቷ መለሰችላት። እህቷ ብድግ ስትል የምትሄድ መስሏት ነበር። አልሄደችም። ረጅም ጫማዋን አወለቀች፤ ወገቧን ታጥቃ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማንሳት ጀመረች። ጠርሙሱን ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ከተተችው። ልጣጩን ጠራርጋ ጣለች። የተዘጋጀውን ብርጭቆ ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሴትየዋ ገብታ ይሄን ካየች አለቀልሽ። በቀን የምትጠጣ ሴት ያወራችው ነው ብላ ትሄዳለች። ከተናገርሽ አይቀር እንድትታመኚ ሆነሽ ተናገሪ። ነይ ቀሚሱን ልበሺ፤ ጸጉርሽንም ላስይዝልሽ። ውሃ እናቀርብላታለን፤ ውሃ ይበቃል።»

ክፋት የለበትም፤ እህቷ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሷ ጋር መወገኗ ነው። ምክሩም እውነት ነበረው። ፍሬን ሰው እንዴት እንደሚፈርድ ታውቃለች፤ የተሰበረ ጣት ከሚያወራው የወይን ብርጭቆ የሚያወራው ቶሎ ይሰማል። ቀሚሱን አነሳች። ላስቲኩን ገልጣ ጨርቁን ነካችው፤ ጥሩ ጨርቅ ነው። እንግዳ ሲመጣ በር ላይ አስቁሟት ከራሷ እስከ እግሯ እያየ፣ «ይሄን ቀይሪ፣ ያንን ደብቂ» ይላት የነበረው የቀድሞ ባሏ ታወሳት። እሷም ትቀይር፣ ትደብቅ ነበር። እንግዶቹም ሁልጊዜ ደስ ብሏቸው ይመለሱ ነበር።

ቀሚሱን ወንበሩ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«አይሆንም እትዬ» አለች። «ተደብቄ እውነት መናገር አልችልበትም። የምታየኝ እንዳለሁ ነው። ካላመነችኝ አላመነችኝም።»

«አንቺ ልጅ መቼም…»

«ብርጭቆ አምጪልኝ።»

እህቷ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ሦስት አወጣች፤ ስታወጣቸው ራሷም የተገረመች ትመስላለች። ፍሬን ጆጉን ከማቀዝቀዣው አውጥታ ቀዳች። ወይኑ አልፈሰሰም፤ እየተንሸራተተ ነው የወረደው፤ ወፍራም፣ የጥዋት ሰማይ የመሰለ፣ የእንጆሪው ቀይ ክር መሃል ለመሃል የሚሄድበት። ከታች የመኪና በር ሲዘጋ ሰሙ።

«ምን ብለሽ ነው የምትጀምሪላት?» አለች እህቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«መጀመሪያ ቅመሱልኝ እላታለሁ።»

ፍሬን ጎንበስ ብላ ጠርሙሱን ከዕቃ ማጠቢያው ሥር አወጣች። በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው፤ ከዚያ ከጠረጴዛው መሃል፣ በሩን ከፍቶ የሚገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ በሚያየው ቦታ አቆመችው።