አምስተኛው ጣት

የባለቤቴ አባት ዶሮዎች ይመርመሩ የሚል ትዕዛዝ የመጣ ቀን፣ እኔ አልሄድም አልኩ። በዝርያ ማዕከሉ ዶሮ የምንለይ ሁለት ሴቶች ብቻ ነን፤ ባልደረባዬ ደግሞ አራስ ነች። አለቃችንን "የአማቴ ናቸው፣ ሌላ ሰው ይፈለግ" ስለው፣ ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል "ዶሮዎቹን መርምሪ ተባልሽ እንጂ አማትሽን መርምሪ መች ተባልሽ?" አለኝ።

ሥራዬ ሲያዩት ቀላል ነው። ዶሮዋን ታቅፌ ንጹህ ዝርያ ትሁን ዲቃላ እለያለሁ። አማቴ የሚያረቡት ዝርያ ጥቁር ነው፤ እግሩ ላባ የለበትም፣ ከጆሮው ሥር ያለው ቆዳ ወተት የመሰለ ነጭ ነው፣ በእያንዳንዱ እግሩ ያለው ጣት አራት ብቻ ነው። አንዱ ከተዛነፈ ሌላ ደም ገብቶበታል ማለት ነው። ዲቃላ መሆን በሽታ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ዲቃላዋ ትጠነክራለች፣ እንቁላልም አትሰስትም። ለዘር ግን አትሆንም፤ ጫጩቶቿ ምን መስለው እንደሚወጡ አይታወቅም። ማዕከሉ ደግሞ ከአማቴ አውራ ዶሮ የሚወስደው ለዘር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ወስዷል። "ንጹህ ዝርያ አርቢ" የሚለው የምስክር ወረቀታቸው ሳሎናቸው ውስጥ ከሠርጋቸው ፎቶ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል።

በማለዳ ደረስኩ። አማቴ ጢማቸውን ተስተካክለው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው በር ላይ ጠበቁኝ።

"ዛሬ እንደ ምራት ነው እንደ መንግሥት የመጣሽው?" አሉኝ እየሳቁ።

"እንደ መንግሥት፣ አባባ።"

"እንግዲያውስ ሳንሳሳም እንግባ!" ብለው ጉንጬን ሳሙኝ።

የዶሮ ቤቱን በር ሲከፍቱት ሽታው ፊቴን በጥፊ መታኝ። ኩስ ያለበት ቤት መቼም ይሸታል፤ ለእሱ አፍንጫዬ ከደነዘዘ ቆይቷል። ይሄ ግን ሌላ ነበር፤ ከኩሱ ሥር የበሰበሰ ሥጋ የሚመስል፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ ነገር ነበረው። ጉዝጓዙ ረጥቦ ከጫማዬ ሥር ይንቦጫቦጫል። የግቢው ውሻ በሩ ላይ ተቀምጦ ምራቁን ያንጠባጥባል። አማቴ በእግራቸው ገፋ አደረጉት፤ ትንሽ ሸሽቶ ተመልሶ ቁጭ አለ።

የመጀመሪያዎቹ አራት ዶሮዎች እንከን የላቸውም። አምስተኛዋን ቄብ ሳነሳ፣ ከጆሮዋ ሥር ያለው ነጭ አውራ ጣቴ ላይ ቀረ። ጥጥ አርጥቤ ጠረግኩት። ሥሩ ቀይ ነው። አሸተትኩት፤ የነጭ ሸራ ጫማ ቀለም ነው።

ገለበጥኳትና እግሯን አየሁ። ቅልጥሟ ላይ ላባ የለም፤ ላባ የነበረበት ቀዳዳ ግን አለ፣ በረድፍ በረድፍ፣ አንዳንዱ ደም የቋጠረ፣ አንዳንዱ ያመረቀዘ። በወረንጦ ተነቅሏል። ከኋላ ጣቷ ከፍ ብሎ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል ጥቁር ቅርፊት አለ። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ተላቀቀና ከሥሩ ወፍራም ቢጫ መግል ወደ ጣቴ ወረደ። መግሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ነበር። ትል ነው።

አፌ ምራቅ ሞላ። ዶሮዋን አስቀምጬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ከዚያ ሌላዋን አነሳሁ። ሌላዋንም። አሥራ አንድ ቄቦች በሁለቱም እግራቸው እዚያው ቦታ ላይ ተቆርጠዋል።

"አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ሽቦ ቆርጧቸው ይሆናል።"

"አሥራ አንዱንም? ቀኝና ግራ?"

የአማቴ ሚስት እማማ ውሃ ይዘውልኝ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። እኚህ ሴት ሲሰፍሩም ሲያወሩም ቆጠብ የሚያደርጉ ናቸው። ያን ቀን ግን ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡና "ንገራት እንጂ" አሉ። "ካልነገርካት እኔ ልንገራት።"

"አንቺ ዝም በይ።"

"ዓመቱን ሙሉ ዝም አልኩ።" ወደ እኔ ዞሩ። "የጎረቤቱ አውራ አጥር ዘሎ ገባ፣ ልጄ። ያ እግሩ ላባ የለበሰው፣ ባለ አምስት ጣቱ። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ግማሾቹ እሱኑ መስለው ወጡ። ይኼው ከዚያ ወዲህ እኔ እይዛለሁ፣ እሱ ይቆርጣል። ይሄ ውሻ ለምን ከበሩ አይነሳም? የምትወድቀውን ጣት ለምዶ ነው!"

ውሻው ስለ እሱ እንደተወራ የገባው ይመስል ጭራውን ቆላ። ሮጬ ወጣሁና ከአጥሩ ሥር አስመለስኩ።

አፌን ጠርጌ ስመለስ፣ አማቴ ከመደርደሪያው ላይ ወረንጦውን፣ የጫማ ቀለሙንና አንዲት ትንሽ መቀስ አንስተው ኪሳቸው ሊከቱ ሲሉ ደረስኩ። መቀሷን አውቃታለሁ። ዘወትር እሑድ መስታወት ፊት ቆመው ጢማቸውን የሚያስተካክሉባት ናት።

"ሃያ ዓመት" አሉኝ። "ሃያ ዓመት አንድ ዲቃላ ከዚህ ቤት አልወጣም። በአንድ ባለጌ አውራ ምክንያት ስሜ ይጥፋ? እኔ እነሱን ሳይ ይቀፈኛል፣ ገባሽ? ያ ላባ ያለው እግር፣ ያ ትርፍ ጣት፣ ያቅለሸልሸኛል!"

"እኔን ያቅለሸለሸኝ ጣቱ አይደለም፣ አባባ። እንቁላል ጣይ ናቸው ብለው ቢሸጧቸው ማን ምን ይልዎት ነበር?"

"ቤተሰብ አይደለሽም እንዴ?"

ቅጹ ላይ "ዲቃላ፤ አካላቸው ተቆርጧል፤ ለዘር አይሆኑም" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ይፈርሙ ዘንድ ስሰጣቸው ወረቀቱን ሳይነኩ ወደ ቤት ገቡ። እማማ ምሳ ብይ ብለው እንቁላል ጠብሰው አቀረቡልኝ። ሳህኑን ሳየው ቢጫው እንደዚያ መግል ታየኝ። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሁሉን ሰምቶ ነበር፤ እናቱ ደውለውለታል። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

"ደህና አደረግሽ" አለኝ።

"እንዴት እንዲህ ይሠራሉ? አባትህ እኮ ሰው የማያስቀይሙ ናቸው።"

መዳፉን ጉልበቱ ላይ ያሽ ጀመር። "እኔም ይዤለታለሁ" አለ።

"ምኑን?"

"ሁለት እሑድ። እማዬን ወገቧን ሲያማት። ጫጩቶቹን እኔ ያዝኩለት።" ቀና ብሎ አላየኝም። "ብዙም አይጮሁም ነበር።"

ያን ቃል ባይጨምር ይሻለኝ ነበር። ሁለቱ እሑድ ትዝ አሉኝ፤ አባቴን ላግዝ ብሎ ሄዶ፣ ሲመለስ ብርቱካን ልጦ በጣቱ አጉርሶኛል። ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና አፌን በሳሙና ታጠብኩ። ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ታጠብኩ።

በማግስቱ አዮዲን፣ ፋሻና የቁስል ቅባት ገዝተን አብረን ሄድን። አማቴ ከመኝታ ቤታቸው አልወጡም። እኔ ቁስሉን አጥባለሁ፣ ትሉን በወረንጦ እለቅማለሁ፣ ባለቤቴ ይይዛል፣ እማማ ያስራሉ። አንድ ሳምንት ተመላለስን። ሦስቱ ሞቱ። ስምንቱ ዳኑ፤ ላባቸውም መልሶ በቀለ፣ አሁን ካልሲ ያጠለቁ ይመስላሉ። እማማ ጉዝጓዙን ጠርገው አቃጠሉት። ከዚያ በኋላ የተፈለፈሉትን ጫጩቶች ግን ባለ አምስት ጣቶቹን እንዳሉ አሳደጓቸው፤ ሰው ሲጠይቃቸው "ዲቃላ ናቸው፣ እንቁላላቸው ግን የጉድ ነው" ይላሉ። ማዕከሉ የአማቴን ምስክር ወረቀት ሰረዘ። ካኮረፉኝ አራት ወር ሆናቸው፤ ሰላም ስላቸው በጭንቅላታቸው ብቻ ነው የሚመልሱልኝ።

ባለቤቴ ደህና ሰው ነው። አሁንም ነው። ማታ ከሥራ ሲገባ ሳልጠይቀው መጀመሪያ ወደ ቧንቧው ይሄድና እጁን ረጅም ጊዜ ይታጠባል፤ ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል። እጁን ትከሻዬ ላይ ሲያሳርፍ አልሸሽም። ግን ሰውነቴ እንደሚኮማተር እሱም ያውቀዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ያነሳዋል።