የፋንታ ባዶ ቀፎ

የቢቸናው ልብስ ሰፊ ፋንታ ሲፈጥረው አርፎ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። ደመና ሲያይ በረዶ ሊመጣ ነው ብሎ ይጨነቃል፤ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ዝናቡ ቀረ ብሎ ይጨነቃል። የሰፈሩ ሰውም፣ «ፋንታ ለሁላችንም ያስብልናል፤ እኛ እንተኛ» እያለ ይቀልድበት ነበር። ልጁ ደምለው ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ግን የሚቀልድበት ጠፋ። ፋንታ እንቅልፍ አጣ። ሬዲዮኑን ከጆሮው፣ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ይውላል። ለደምለው ብሎ የቆረጠውን ኮት እንኳ እጅጌውን ሳይገጥም ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከተተው።

«ለባሹ መኖሩ ሳይታወቅ ምን ይሰፋል?» ቢል ሚስቱ ባንቺዓለም ጮኸችበት።

«አፍህን ሰብስብ! የልጄ ልክ ይታወቃል፤ ዝም ብለህ ስፋ!»

አልሰፋም። ይልቅስ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመና ተሳለ። «ልጄ በሕይወት ካለ በምሰቅለው ቀፎ ንብ አስገባልኝ፤ እኔም ከሰሙ ጧፍ አሠርቼ አመጣለሁ» አለ። ሌላው ሰው ጧፍ ሲሳል ሰሙን ከገበያ ገዝቶ ያሠራል፤ ማንም አይነቅፈውም። ፋንታ ግን ልብስ ሰፊ አይደል፣ ስለቱንና ምልክቱን ባንድ ክር ሰፍቶ አረፈው። ንቡ ከገባ ልጁ አለ። ካልገባስ? ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

መስከረም አጋማሽ ላይ፣ አደይ አበባው መስኩን ሲሞላውና ንብ መንጋ መንጋ እየሆነ ቤት ፍለጋ ሲወጣ፣ ፋንታ በጭነት መኪና ወደ ሞጣ ሄደ። የባንቺዓለም ታላቅ ወንድም ወልደ ሰንበት ከከተማው ወረድ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው፤ ንብም ያረባል። አማቹን ሬዲዮ ታቅፎ ሲያየው ሳቁ መጣ።

«አንተ ፋንታ፣ ንብ ልትጠብቅ ነው የመጣኸው ወይስ ዜና ልታሰማቸው?»

«አያ ወልደ ሰንበት፣ ቀልዱን ይተዉና ቀፎ ይስጡኝ።»

አዲስ ቀፎ ሰጠው። በእበት ለቅልቀው፣ በወይራ አጥነው፣ ከሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ደን በታች፣ ወንዙ ዳር ካለው ዋንዛ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መተው ነው። ያ ደግሞ ፋንታ የማያውቀው ሥራ ነው። መሰላል አስደግፎ ይወጣል፤ ጆሮውን ይለጥፋል፤ ደግሞ በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል።

«እንግዳ የምትጋብዘው ደጁን እየደበደብክ ነው?» አለው ወልደ ሰንበት ከታች።

«ገብተው ቢሆንስ ብዬ ነው።»

«ሲገቡ ጫጫታቸው ሞጣ ይሰማል። ውረድ አሁን!»

ሲወርድ ሬዲዮኑን ይከፍታል። እሱ ደግሞ ስለ ጦርነት እንጂ ስለ ደምለው አያወራም። በማግስቱ ጠዋት ቢከፍተው እሱም ዝም አለ። ነቀነቀው፤ ቢነቀንቀው ዝም።

«የባትሪው ድንጋይ አልቆ ይሆናል» አለ ወልደ ሰንበት።

«ከሞጣ ልግዛ እንጂ።»

«ዛሬ በዓል ነው፤ ማን ሱቅ ይከፍታል?»

«ሙስሊሞቹ እነ ሳሊህስ? የእነሱ በዓል አይደለም።»

«ሳሊህም ለጉዳይ ወጥቷል» አለ ወልደ ሰንበት፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ።

ፋንታ ሌላ መላ ስላጣ ከዋንዛው ሥር ተቀመጠ። መጀመሪያ ዝምታው ጆሮውን አሳከከው። ቆይቶ የወንዙ ድምፅ መጣለት፤ ለካ እስካሁን ይወርድ ኖሯል። ከደኑ ውስጥ እርግብ ታጉረመርማለች። ነፋሱ ከጥዱ ጫፍ ይነሣና ዋንዛው ላይ ሲደርስ ቅጠሉን እያገላበጠ ያልፋል። ይህ ሁሉ ያለ እሱ ጭንቀት ሲካሄድ መኖሩ ትንሽ አሳፈረው። ወልደ ሰንበት ቆሎ ይዞ መጥቶ አጠገቡ ሲቀመጥ የስለቱን ነገር ከነምልክቱ ነገረው።

ወልደ ሰንበት አልሳቀም። ቆሎውን አስቀመጠ።

«ደምለውን ስትሸኘው ለማን አደራ ሰጠህ?»

«ለእግዚአብሔር ነዋ።»

«ታዲያ ዛሬ ንቦቹን ነው እንዴ አደራውን የምትጠይቀው?»

 ወልደ ሰንበትም ልብሱን አራግፎ ተነሣና ወደ ቤቱ ሄደ።

ፋንታ ብቻውን ሲቀር ቀና ብሎ ቀፎውን አየው። ከዚያ በላይ ቅጠሉን፣ ከቅጠሉ በላይ ሰማዩን። ጸሎት ሲያደርግ ብዙ ቃል የሚደረድር ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን አጠረበት። «ጌታዬ፣ ንቡ ገባም ቀረም ልጁ ያንተ ነው። ካንተ የተሻለ ጠባቂ አላገኝለትም። እኔ ደከመኝ።» ይህን ብሎ ከዋንዛው ሥር ጋደም አለ። እንቅልፍ ይዞት ሄደ፤ ደምለው ከሄደ ወዲህ እንዲያ ያለ እንቅልፍ አልጎበኘውም።

የነቃው በጉምጉምታ ነው። የንብ መንጋ እንደ ጢስ እየተጠቀለለ ከወንዙ ማዶ መጣ። ዋንዛው ላይ ደረሰ፤ አዲሱን ቀፎ ዞረው፤ ደገመና ዞረው። ፋንታ ብድግ አለ። መንጋው ቀፎውን ትቶ አለፈና ወልደ ሰንበት ተሰንጥቋል ብሎ አጥር ሥር የጣለው አሮጌ ቀፎ ውስጥ ግልብጥ ብሎ ገባ።

ፋንታ ልቡ እስኪሰበር ጠበቀ። አልተሰበረም። ቅድም ያስረከበው ነገር እዚያው ባስረከበበት ነበር። ይልቅ ሳቅ አፈነው፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ወልደ ሰንበት እየሮጠ መጣ። አሮጌውን ቀፎ ሲያይ አፉን ያዘ።

«እነዚህ ቅሌታሞች! ግድ የለም ፋንታ፣ ወደ አዲሱ እናዛውራቸው፤ ማን አየ?»

«ያየማ አለ» አለ ፋንታ ዓይኑን እየጠረገ። «ይተዉአቸው፤ የእርስዎ ናቸው። እኔ የንስሐ አባቴን አማክሬ፣ ሰሙን ከገበያ ገዝቼ ጧፌን እሰጣለሁ፤ ምልክት ሳልጠይቅ።»

ወልደ ሰንበት ጥቂት አየውና እጁን ከኪሱ ከቶ የሬዲዮኑን ድንጋዮች አወጣ።

«አያ! ለካ ሌባ ነዎት!»

«ምን ላድርግ? ግን ብዙም አልጠቀመኝ፤ አሁን ስታንኮራፋ ሬዲዮው የተከፈተ መስሎኝ ነበር።»

ፋንታ ቢቸና ሲገባ ባንቺዓለም ደጃፍ ላይ ተቀበለችው።

«ንቡ ገባ?»

«ወንድምሽ ጋ ገባ።»

«ታዲያ ምን ያስቅሃል?»

«ተኝቼ መጣሁ፣ ባንቺዓለም። ልጁንም ካስረከብነው ጌታ እጅ መልሼ አልነጥቅም ብዬ መጣሁ።»

እሷ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ፋንታ ሣጥኑን ከፍቶ ኮቱን አወጣ፤ አራገፈው። ድንጋዮቹ ኪሱ ውስጥ እንዳሉ፣ ሬዲዮኑም መደርደሪያው ላይ ዝም እንዳለ፣ ከስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ እጅጌውን መግጠም ጀመረ። ከውስጥ በኩል ጨርቁን ሰፋ አድርጎ አስተረፈ።

«ምነው ይህን ያህል?» አለች ባንቺዓለም።

«ወፍሮ ቢመጣስ?» አለ ፋንታ፣ ቀና ሳይል።