የጭቃው ምስክር

ሸምሶ ከወደቀው ግድግዳ ላይ አንድ ቅርፊት አንሥቶ ገለበጠው። ላዩ ድርቅ ያለ ሲሚንቶ፣ ሥሩ ውሃ የጠጣ ጭቃ ነው። የጥዱን ቋሚ በጣቱ ቢነካው ተፈረፈረ። ይህን ያደረገው ራሱ ነው፤ ያውም እያወቀ።

ማዘጋጃ ቤቱ ቡታጅራ አስፋልት ዳር ያሉት አሥራ ሁለት የጭቃ ቤቶች እንዲፈርሱ የወሰነ ጊዜ፣ ናዝሬት የምትባል አርክቴክት ከአዲስ አበባ መጥታ ተከራከረች። አንዱ ቤት በእንጨትና በጭቃ ታድሶ ሁለት ክረምት ከቆመ ሌሎቹም ይትረፉ አለች፤ ማዘጋጃ ቤቱም ተስማማ። ለሙከራ የተመረጠው የሃሊማ ቤት ነው፤ እሷም ከእንጨትና ከጭቃ ሌላ ላታስነካው ውል ፈረመች፣ አዳሹም የጭቃ ቤት ሠሪው ሸምሶ ሆነ። ሃሊማ የሸምሶ ሟች ወንድም ሚስት ናት፤ የሸምሶም ቤት ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ነው። ያቺ የተማረች ልጅ፣ ናዝሬት፣ ጭቃው ስንት ቀን እንደሚቦካ፣ ጭዱ መቼ እንደሚገባ እየጠየቀች እሱ ያላትን ሁሉ ደብተሯ ላይ ስትጽፍ፣ ሸምሶ በስልሳ ስምንት ዓመቱ አስተማሪ ሆነ። ደስታውን የት ያድርሰው!

የመጀመሪያው ክረምት በደህና አለፈ። መስከረም ላይ አረፋ ደረሰና የሃሊማ ልጅ አማቾች ለመጀመሪያ ጊዜ ከመርካቶ ሊመጡ ሆነ።

"በአላህ ሸምሶ፣ ጭቃ ቤት ውስጥ ልቀበላቸው? ልጄን በምን ዓይን ያዩዋታል? ትንሽ ሲሚንቶ ለስንልኝ።"

"ግድግዳው ገና ከዝናብ መውጣቱ ነው። ከታፈነ ይበሰብሳል።"

"ወንድምህ ቢኖር እምቢ ይለኝ ነበር?"

ይሉኝታ ክፉ ነው። ለሰነላት፤ ላዩንም ኖራ ቀባው። ናዝሬት መጥታ ስትጠይቀው "ኖራ ነው" አላት፤ አመነችው። ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ግድግዳው ተደረመሰ።

ዛሬ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ዳምጤ ወረቀቱን ይዞ መጥቷል። ፍርስራሹን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

"አየሽ ናዝሬት፣ ጭቃ በሲሚንቶ ተደግፎም አልቆመም።"

"ሲሚንቶው ነው ያፈረሰው! ውሃውን ውስጥ አፈነው፤ እንጨቱ በሰበሰ። እኔ ደግሞ ሲሚንቶ አላዘዝኩም።"

"የቤቱ ባለቤት ከውሉ ውጭ አስለስነው ከሆነ ሌሎቹ ቤቶች ሌላ ዕድል ያገኛሉ። የእሳቸው ቤት ግን ይፈርሳል፣ ምትክ ቦታም የላቸውም። ውሉ እንደዚያ ነው የሚለው።" ወደ ሸምሶ ዞረ። "ሠሪው እርስዎ ነዎት። ያፈረሰው ጭቃው ነው ወይስ ሲሚንቶው?"

ሃሊማ የሻርፗን ጫፍ ነክሳ ቆማለች። ዓይኗ ይለምናል።

"ጋሽ ሸምሶ፣ ግድግዳ ይተነፍሳል ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? ይንገሯቸው እንጂ" አለች ናዝሬት።

ሸምሶ የያዘውን ቅርፊት ጣለ።

"ጭቃው ነው። አላስተማምን ሲለኝ እንዲደግፈው ብዬ በራሴ ነው ሲሚንቶውን የመረግሁት።"

ለሃሊማ አዝኖ ይሁን በራሱ አፍሮ፣ እሱም አላወቀውም። ዕድሜ ልኩን እንጀራ ባበላው ጭቃ ላይ በሐሰት መሰከረ። ዳምጤ ጻፈ፤ ሸምሶ ፈረመ።

"እንግዲህ አሥራ ሁለቱም ይፈርሳሉ" አለ መሐንዲሱ። "ግብረ ኃይሉ ሰኞ ይጀምራል። ለሁሉም ከከተማው ዳር ምትክ ይሰጣል።"

ናዝሬት አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

"ከእርስዎ የጻፍኩትን ሁሉ ምን ላድርገው?" አለችው።

ደብተሯን ይዛ ወደ መናኸሪያው አቀናች። ሃሊማ "አላህ ይስጥህ" ብላ እጁን ልትስም ብትጠጋ እጁን ሰበሰበ።

ቤቱ ሲደርስ አባቱ ባቆሙት፣ አንድ ስንጥቅ በሌለበት ግድግዳ ላይ መሰላሉን አስደገፈ። ግብረ ኃይሉ መጥቶ ከሚቀዳድደው ብሎ፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ በገዛ እጁ ሊነቅል መዶሻውን ይዞ ወጣ።