የጸሎት ቤቱ መስታወት

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሚዛን ከተማ የነበረው ጸሎት ቤታችን ታሽጎ የማዳበሪያ መጋዘን ሲሆን አልቅሻለሁ። ግንበኛ ነኝ፤ ከመድረኩ ጀርባ የነበረውን የመስታወት ብሎኬት ግድግዳ የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ሃያ አራት ብሎኬት። ጠዋት ፀሐይ ስትገባበት ምእመኑ ፊት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን እያየሁ፣ ስብከቱን ሳልሰማ የቀረሁበት እሁድ ብዙ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በዓመቱ ጓድ ፈንታው አስጠራኝ። ጸሎት ቤታችንን ያሸገው፣ እዚያው አጠገባችን አማን ከተማ ቤት የያዘ ካድሬ ነው። መታጠቢያ ቤቱን እያሳየኝ፣

«ሻወሩን ከሽንት ቤቱ የሚለይ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ግድግዳ እፈልጋለሁ» አለ። «የመጋዘኑን መስታወት ፈንቅለህ አምጣ። ማዳበሪያ ምን ብርሃን ያስፈልገዋል!»

በራሱ ቀልድ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከጉባኤያችን ሽማግሌዎች አንዷ እትዬ አማረች ወሬውን ሰምተው ቤቴ መጡ።

«ይስሐቅ፣ እምቢ በል አልልህም፤ ያስሩሃል» አሉኝ። «ግን መስታወት ነው፤ ስትፈነቅለው እጅህ ላይ ይሰበር። ማን ይጠይቅሃል? ይኼ ሰውዬ በጸለይንበት ብርሃን ገላውን አይታጠብ።»

«እሺ እትዬ» አልኩ። ከልቤ ነበር።

መጋዘኑ ገብቼ መዶሻውን አነሳሁ። እጄ ግን የለመደውን ሠራ፤ ዙሪያውን ቀስ ብሎ ፈልፍሎ የመጀመሪያውን ብሎኬት ሙሉውን አወጣው። የሚቀጥለውን እሰብራለሁ አልኩ። እሱም ሙሉውን ወጣ። ሁሉንም በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ አማን አደረስኩ።

እዚያ ደግሞ ባሰብኝ። መስታወት እንደ ሲሚንቶ ብሎኬት ውሃ አይጠጣም፤ ሲሚንቶው ደረቅ ተደርጎ ካልተቦካ ይንሸራተታል፣ በአንድ ቀን ብዙ ረድፍ ከተደረደረ ይጎብጣል። ቢጎብጥበት እኔን ምን ቸገረኝ? እኔ ሞኙ ግን በቀን ሁለት ረድፍ ብቻ እየሠራሁ፣ በየረድፉ መሃል ቀጭን ብረት እያስተኛሁ፣ ቀጥ ማለቱን በውሃ ልክ ደጋግሜ እያየሁ አራት ቀን ፈጀሁ። ጓድ ፈንታው ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰና «እጅህ ይባረክ!» አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ያሸገ ሰው መረቀኝ።

በማግስቱ እትዬ አማረች መንገድ ላይ አገኙኝ።

«ስንቱ ተሰበረ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አንድም!» አልኩ።

ደረቴን ነፍቼ ነው ያልኩት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ጥሩ ግንበኛ ነህ» ብለውኝ ሄዱ።

ያን ጊዜ ጉባኤው በየሳምንቱ ቤት እየቀያየረ ተደብቆ ነበር የሚጸልየው። የዚያን እሁድ የማን ቤት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው እስከ ቅዳሜ ማታ ጠበቅሁ። የመጣ የለም። የሚቀጥለውም ሳምንት የመጣ የለም።