የአቶ ተክለሃይማኖት ጓሮ ሥራ ፈቶች

አቶ ተክለሃይማኖት ዕድሜያቸውን መርካቶ ጨርቅ ሲሸጡ ኖረው፣ ሱቁን ለልጃቸው አስረክበው ዓለም ባንክ ሰፈር ካለው ቤታቸው ሲቀመጡ እጃቸው እንዳይሰንፍ ጓሯቸውን ጎመን ተከሉበት። መትከሉስ ደግ ነበር፤ ክፋቱ አፋቸው ነው። ያሳደጓቸው ታላቅ እህታቸው እትዬ ብዙነሽ ለዴንጌሳት፣ በመስቀል ዋዜማ ሴቶቹ ጎመን ክትፎ ለሚያቀርቡበት ቀን፣ ከጉራጌ አገር እንደሚመጡ ሲሰሙ፣ ዘንድሮ ከገበያ አንዲት ቅጠል አይገዛም ብለው ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደወሉ። ተክሌ አረጀ፣ ከእንግዲህ ለምንም አይሆን የሚል ካለ፣ ጎመኑ አፉን ያስይዘዋል።

ለመስቀል መቼም ቤት ይጸዳል። እሳቸው ግን ጓሮውንም እንደ ሱቅ ሊያጸዱት ተነሡ። ሱቅ ውስጥ ደግሞ የማይሠራ ሰው አይቀመጥም። ጓጉንቸሯን ቢያዩ ቀኑን ሙሉ ባልዲ ሥር ተኝታለች። ቀዩ ባለ ነጥብ ጥንዚዛ አረም ላይ ሲንሸራሸር ይውላል። አረሙስ ቢሆን ምን ሠርቶ ያውቃል? ሁሉንም አሰናበቱ። አረሙን ከነጥንዚዛው ነቅለው፣ ጓጉንቸሯን በአካፋ አንሥተው፣ በአጥሩ አናት ወደ ጎረቤታቸው ወደ ጀማል ግቢ አሳለፏቸው። የጀማል ግቢ እንደሆነ ድሮም ጫካ ነው። ሚስታቸው ሸዋገነት ወጥታ አየችና ሊሾ ማድረግ ብቻ ቀረህ ብትላቸው፣ እንደ ምስጋና ቆጠሩት።

ብዙም ሳይቆይ ጎመኑ ላይ ግራጫ ዱቄት የመሰለ ተባይ ፈላ፤ ክሽክሽ የሚሉት ነው። በሳሙና ውሃ አጠቡት። ክሽክሹ ታጥቦ፣ አምሮበት ተመለሰ። ከላይ ክሽክሽ ሲመጠው፣ ከታች ቀንድ አውጣ ሲግጠው ቅጠሉ ወንፊት ሆነ። አቶ ተክለሃይማኖት በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ቢያሰግጉ የጀማል ጎመን ጃንጥላ አክሏል።

ምን እንዳደረገበት ጠየቁት። ጀማል ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ እሱ ምንም እንዳላደረገ፣ ክሽክሹን ጥንዚዛው እንደሚለቅመው፣ ቀንድ አውጣውን ጓጉንቸሯ ማታ ማታ እያደነች እንደምትበላው፣ አረሙ ደግሞ ለጥንዚዛው ቤቱ እንደሆነ ነገራቸው።

«ጋሼ፣ የሚሠሩልኝ እርስዎ የላኩልኝ እንግዶች እኮ ናቸው» አላቸው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ትልቁ ነጋዴ ጀማል ግቢ ተንበርክከው በጣሳ ጥንዚዛ ይለቅሙ ጀመር። ወስደው ጎመናቸው ላይ ቢደፉት፣ በተጠረገው ጓሮ ማረፊያ ያጣው ጥንዚዛ ሁሉ ተነሥቶ ወደ ጀማል ግቢ በረረ።

እትዬ ብዙነሽ በዋዜማው ደረሱና በቀጥታ ወደ ጓሮ ዞሩ። መሬቱ ተጠርጎ ያብረቀርቃል፤ ጎመኑ አጥንቱ ብቻ ቆሟል። አቶ ተክለሃይማኖት ስለ ጎመኑ ሊወቀሱ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። እህታቸው የጠየቁት ሌላ ነው።

«ተክሌ፣ እዚህ የነበሩት ሁሉ የት ሄዱ?»

«ሥራ የላቸውም ብዬ አባረርኳቸው።»

እትዬ ብዙነሽ ሱቁን ያስረከቡትን ወንድማቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው።

«አንተስ አሁን ሥራህ ምንድን ነው?»

ነገሩ አቶ ተክለሃይማኖት ልብ ድረስ ዘለቀ፤ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። እትዬ ብዙነሽ እጃቸውን ይዘው ወደ ቤት አስገቧቸው።

የዴንጌሳቱ ጎመን ከጀማል ግቢ መጣ። ዘመዶቹ ጣዕሙን ሲያደንቁ፣ አቶ ተክለሃይማኖት የማን ጎመን እንደሆነ ሳይጠየቁ ተናገሩ።

በማግሥቱ ሸዋገነት ጓሮው ጥግ አንድ አረም ብቅ ማለቱን አየችና ልትነቅለው ጎንበስ አለች። ባሏ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው አጠገቡ ቁጭ አሉ።

«ተይው» አሏት። «ሥራችን እስኪታወቅ አብረን እንቀመጥ።»