ጨው ያበዛው ማን ነው

የሆቴሉ ሼፍ አሥራ ሁለቱንም ዶሮ በሄዱበት ሣጥን መልሶ ላካቸው። አንዷ ብቻ ጭኗ ላይ ትንሽ ተቆርሳለች፤ እሱም ለቅምሻ ነው። ሣጥኑን ያመጣው ሹፌር የሼፉን መልእክት አንዲት ቃል ሳያጎድል አደረሰ፤ ሼፉ ያዘዘው ዶሮ እንጂ የባሕር ውሃ አልነበረም።

ፋርማሲስቷ ሣጥኑን ተቀብላ ወደ ውስጥ አስገባች። በሦስት ወር ውስጥ ሲመለስባቸው ይህ አምስተኛው ነው።

ፋርማሲስቷ የሚሏት ደንበኞቹ ናቸው። ስምንት ዓመት መድኃኒት ቤት ስትሠራ ቆይታ መድኃኒት ቤቱ ሲዘጋ ባሏ «እስኪ ለጊዜው እናቴ ጋ ሥሪ» አላት፤ ያ ጊዜ አራት ዓመት ሆነው። የአማቷ ጭስ ቤት፣ በሱቃቸው የሚሸጡት ዶሮ በጭስ የሚበስልበት፣ ከመኖሪያው ጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነው። አንደኛው ማቀዝቀዣ ክፍል ነው፤ ሦስት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች ተደርድረውበታል፤ ሙሉ ሙሉ ዶሮዎች በጨው ውሃ ተዘፍዝፈው የሚያድሩት እዚያ ነው። በሁለተኛው ክፍል ምድጃውና ከጣሪያ የወረዱ መንጠቆዎች አሉ። ዶሮ ጨው ውሃ ውስጥ ሳያድር ጭስ ከገባ ሥጋው እንደ ገለባ ይደርቃል። ጨው ከበዛበት ደግሞ ይኸው፣ በሣጥን ተጭኖ ይመለሳል።

አማቷን ሰፈሩ «እማማ ሚዛን» ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሲሠሩ ሚዛን የሚባል ነገር በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ጨውን በእፍኝ፣ ስኳርን በጭልፋ፣ ቁንዶ በርበሬና ነጭ ሽንኩርቱን በዓይናቸው ለክተው ይጨምራሉ፤ ከዚያ ጣታቸውን ነክረው ይቀምሱና ወይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ ወይ ትንሽ ይመርቁበታል፤ አለቀ። ዘንድሮ ግን ከባድ ጉንፋን ይዟቸው ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ዋሉ። ሲነሱ ትከሻቸው ደክሞ ስለነበር የመዘፍዘፉን ሥራ ለምራታቸው ለቀቁ። ለቀቁ እንኳ አይባልም፤ ቆመው እያዩ አሠሯት።

እናም ዶሮው ጨው ሲሆን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማንም አላጠያየቀም።

እማማ ሚዛን ሣጥኑን ከፍተው አንድ ቁራሽ ጎረሱ። ረጋ ብለው አላምጠው ዋጡና ያንኑ የለመደችውን ወቀሳ ጀመሩ። እጇ ገና ጨው አለመልመዱን፣ ዶሮ ክኒን አለመሆኑን፣ እሳቸው በእሷ ዕድሜ ሳሉ አንድም ዶሮ ተመልሶባቸው እንደማያውቅ በዝርዝር አስረዱ። ባሏ ከውጭ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል፤ መጥረቢያውን ግን አላቆመም። ማታ ስታማርርለት እናቱ አሮጊት መሆናቸውን፣ ብትችለው እንደሚሻል ነገራት። ያንን ሳምንት ቤተሰቡ ሁሉ ያንኑ ዶሮ ሲበላ ሰነበተ፤ ባልየው በየጉርሻው መሐል ውሃ ይጠጣል፣ እሷም እንደዚያው። እማማ ሚዛን ብቻ ያለ ውሃ በሉ። ፋርማሲስቷ ይህንን አየች፤ እልህ መሰላት።

እሷ ደግሞ ልኬት የምታውቅ ሰው ናት። ለአንድ ሊትር ውሃ ስልሳ ግራም ጨው፣ ለአርባ ሊትር ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ፤ በሚዛን መዝና፣ በደብተር ጽፋ፣ ሰዓቱን ይዛ ነው የምትዘፈዝፈው። ተሳስታ እንደሆነ ብላ ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደገመችው። ጨዉን ከሌላ ነጋዴ ገዛች። ሚዛኑን የሰፈሩ ባለ ሱቅ ጋ ወስዳ አስፈተሸች። አሥራ ሁለት ሰዓት ይቆዩ የነበሩትን ወደ ስምንት አወረደቻቸው። ጨዉን ከስልሳ ወደ ሃምሳ፣ ከሃምሳ ወደ አርባ ቀነሰች። በዚህ ልክ የተዘፈዘፈ ዶሮ አልጫ ሆነ ተብሎ ቢመለስ ነበር የሚያምርበት። እሱ ግን ጭራሽ ባሰበት። አንድ ቀን ደብተሩን ወርውራ ግድግዳ ላይ አጋጨችው፤ ከዚያ ደግሞ አነሳችውና ወደ ስልሳው ግራምና ወደ አሥራ ሁለቱ ሰዓት ተመለሰች፤ ሌላ ምን አላት?

አንድ ሐሙስ ግን ዶሮዎቹ ደህና ሆኑ። ደህና ብቻ ሳይሆን ልክ ናቸው፤ ሥጋቸው ርሶ፣ ጨዋቸው እስከ አጥንት ደርሶ ግን ሳይጮህ። ያን ዕለት እማማ ሚዛን ገና በሌሊት ወጥተው ለዓይናቸው ሐኪም ቤት ውለው ነበር። ፋርማሲስቷ ግን ያን ጊዜ ልቧ በአዲሱ ጨው ላይ ስለነበር «አገኘሁት» ብላ ከዚያው ጨው ሁለት ጆንያ አስመጣች። ዓርብ ዕለት እንደገና ባሕር ሆነ።

በሚቀጥለው ሳምንት ዘዴ ዘየደች። ከየትኛው በርሜል የትኛው ዶሮ እንደወጣ ለመለየት እግራቸው ላይ ክር አሰረች፤ የአንደኛው ቀይ፣ የሁለተኛው ነጭ፣ የሦስተኛው ጥቁር። ከጭስ ሲወጡ ከየበርሜሉ አንድ አንድ ቆርሳ ቀመሰች። ቀዩ ጨው፣ ነጩ ጨው። ጥቁሩ ግን ልክ እንደዚያ ሐሙስ ነበር።

ሦስቱንም የዘፈዘፈች እሷ፤ ጨዉም ውሃውም አንድ። ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ በርሜሎቹን ተራ በተራ አየቻቸው። የሦስተኛው ክዳን ባለፈው ዓመት ስለተሰበረ ባሏ በወፍራም ብረት ተክቶታል፤ ለማንሳት ሁለት እጅና ጤነኛ ወገብ ይጠይቃል። እሷ ታነሳዋለች። ባሏም ያነሳዋል። በቤቱ ውስጥ ያንን ክዳን ማንሳት የማይችል አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳች። የማቀዝቀዣው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። እማማ ሚዛን በነጠላ ጫማ፣ ሹራባቸውን ደርበው፣ የመጀመሪያውን በርሜል ክዳን አንስተው ቆመዋል። ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ፤ ቆዩ። ደግመው ቀመሱ። ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግነው ጨመሩና በዱላው አማስለው እንደገና ቀመሱ። ሁለተኛ እፍኝ። ሦስተኛ። በአራተኛው ላይ እጃቸው በአየር ላይ ቀረ፤ የጠፋበትን ዕቃ የት እንዳስቀመጠ እንደሚያስብ ሰው ውሃውን አዩት።

ፋርማሲስቷ በሩን ገፋችው። የሦስት ወሩን ወቀሳ ሁሉ መልሳ ልታወርድባቸው አፏን ከፈተች። እማማ ሚዛን ግን አልደነገጡም፤ ቀደሟት እንጂ። የሠራችው ጨው ውሃ ሳይሆን ባዶ ውሃ እንደሆነ፣ እሳቸው በየቀኑ ባያስተካክሉት ኖሮ ሱቁ ተዘግቶ እንደነበር ነገሯት።

ከዚህ በኋላ ያደረገችውን ብዙ ጊዜ አስባበታለች። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀዳች። በአንዱ ሁለት ማንኪያ ሙሉ ጨው ጨምራ እስኪሟሟ በጠበጠች፤ ሌላውን እንዳለ ተወችው። ሁለቱንም መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች።

«ይቅመሱና ጨው ያለበትን ይንገሩኝ፣ እማማ።»

አሮጊቷ እምቢ ማለት ይችሉ ነበር። ኩራታቸው ግን አልፈቀደም። ከአንዱ ተጎነጩ፣ ከሌላውም ተጎነጩ። ጨው ያለበትን ሌላ ሰው ቢጎነጨው ኖሮ ሮጦ በተፋው ነበር፤ የእሳቸው ከንፈር ግን አልተጨማደደም እንኳ። ተመልሰው ከመጀመሪያው ቀመሱ።

«ሁለቱም ውሃ ነው» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ የምራታቸውን ፊት አዩና ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

የተገለበጠው ባልዲ ላይ ተቀመጡና ወለሉን እያዩ ተናገሩ። ከጉንፋኑ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ሽታ ሄደ፤ ይመለሳል ብለው ጠበቁ። ቀጥሎ ጣፋጩ፣ በመጨረሻ ጨዉ። አሁን ዳቦም ሥጋም አፋቸው ውስጥ አንድ ነው፤ የሚለዩት በጥርሳቸው ነው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ሚዛን እያሉ የሚጠሩኝ እኮ በእጄ አይደለም፣ በምላሴ ነው።»

«ሦስት ወር ሙሉ ግን የወቀሱት እኔን ነው።»

«አዎ» አሉ እማማ ሚዛን።

ፋርማሲስቷ ይህችን ሰዓት ስንት ቀን ስትመኛት ነበር። አሁን ስትደርስ ግን ብርጭቆዎቹን አንስታ አጠበች። ከዚያ ዶሮዎቹን ከመጀመሪያው በርሜል አውጥታ፣ ጨው ውሃውን ደፍታ፣ የጠጡትን ጨው ይልቀቁ ብላ በንጹሕ ውሃ ዘፈዘፈቻቸው። በየሰዓቱ ውሃውን ስትቀይር ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ድረስ ቀዘቀዙ።

ባሏ ምሳ ላይ ሲሰማ ሹካውን አስቀመጠ። አሁንስ ይቅርታ ይጠይቀኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን አሮጊት ሴትን በብርጭቆ መፈተን ምን የሚሉት ጭካኔ እንደሆነ ጠየቃት። ልክ ነበር፤ ይበልጥ ያናደዳትም ልክ መሆኑ ነው። ስለ ሦስቱ ወር ግን አንድም ነገር አላለም፤ እሷም ከጠረጴዛው ተነስታ ሄደች።

ሐኪሙ እንዲህ ዓይነቱ ነገር አንዳንዴ በዓመት ውስጥ እንደሚመለስ፣ አንዳንዴም ጨርሶ እንደማይመለስ ነገራቸው። እማማ ሚዛን ከዚያ በኋላ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል መግባት ተዉ። ሱቁ በር ላይ ወንበር አስወጥተው ደንበኛ ሲያስተናግዱ ይውላሉ። ዶሮዎቹም ልክ ሆኑ፤ ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ከዚያ በኋላም። የሆቴሉ ሼፍ ግን ሌላ ቦታ ማዘዝ ጀምሯልና አልተመለሰም።

አንድ ቀን ከማዶ ያለችው ፀጉር ሠሪ ዶሮ ልትገዛ መጣች። ባለፈው የወሰደችው እንደ ድሮው እንደነበር፣ የእማማ እጅ መመለሱን፣ ያንን ሰሞን ፋርማሲስቷ ስትሞካክር ሕዝቡን ጨርሳው እንደነበር እየሳቀች አወራች። ፋርማሲስቷ ከኋላ ዶሮ እየጠቀለለች ትሰማለች። እማማ ሚዛን ምን ይሉ ይሆን ብላ እጇን ከወረቀቱ ላይ አቆመች።

«ተመስገን ነው፣ ተመለሰ» አሉ እማማ ሚዛን።

ዶሮውን ጠቅልላ ሰጠች፤ ደህና ዋይ ተባባሉ። ከዚያ ማቀዝቀዣው ክፍል ገብታ ያንን የብረት ክዳን አንስታ ወለሉ ላይ ጣለችው፤ ጓ ሲል መደርደሪያው ተንቀጠቀጠ። እጇን ጨው ውሃ ውስጥ ከትታ ዶሮዎቹን በንዴት ታገላብጣቸው ጀመር። ልታለቅስ ነበር፤ ለዚህማ አላለቅስም ብላ ጥርሷን ነከሰች።

ነጠላ ጫማው ከኋላዋ ሲንሸራተት ሰማች። እማማ ሚዛን ደፍ ላይ ቆመዋል። ይቅርታ አላሉም፤ ፀጉር ሠሪዋንም አላነሱም። ትንሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የዛሬዎቹ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚወጡት?»

አራት ዓመት ሙሉ «አውጪ» ነበር የሚሏት። ጠይቀዋት አያውቁም። ፋርማሲስቷ ንዴቷ አልበረደም፤ ፊቷንም አላዞረችም።

«አራት ሰዓት ላይ» አለች።

«እንግዲያው እስከዚያ መንጠቆዎቹን ልጠብ» አሉ አሮጊቷ፤ መልስም ሳይጠብቁ ገብተው ከቧንቧው ሥር ያለውን ባልዲ ሳቡ።