የታንቲ ኤስሜ ተራ

በግሬናዳ ደሴት የሞርን ሶሌ መንደር መዘምራን ሃምሳኛ ዓመታቸውን ባከበሩበት በኅዳር የመጨረሻ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በመንደሩ አዳራሽ ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው። በፊተኛው ረድፍ የአካባቢው የፓርላማ ተወካይና ቄስ አልፎንስ ተቀምጠዋል። በማይኩ አጠገብ ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ቲቸር ሮልስተን አሉ። መድረኩ ላይ መዘምራኑና መሪያቸው ጀርሊን አሉ። ከሕዝቡ መካከል ከዋና ከተማው ከሴንት ጆርጅስ በአውቶቡስ የመጣችው ሻርሜይን ተቀምጣለች። ከመዘምራኑ መካከል ደግሞ፣ በሁለተኛው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ፣ የሻርሜይን እናት ታንቲ ኤስሜ አለች። ታንቲ የሚላት መንደሩ በሙሉ ነው፤ የማን አክስት እንደሆነች የሚጠይቅ የለም።

ኤስሜ በዚያ አግዳሚ ላይ መቀመጥ የጀመረችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ጃኔት የተባለው ማዕበል የመንደሩን ጣሪያ ሁሉ ጠራርጎ በወሰደ በዓመቱ፣ ሰዎች ቀን ቀን ቤት ሲሠሩ ውለው ወደ ማታ እየተሰበሰቡ መዘመር ጀመሩ። መዘምራኑ የተቋቋሙት እንዲህ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ኤስሜ አልቶ ናት። አልቶ ሶፕራኖዎቹ ከሚዘምሩት ከዋናው ዜማ ሥር የሚሄድ የሴቶች ድምፅ ነው። ሲኖር ማንም ልብ አይለውም፤ ሲጠፋ ግን መዝሙሩ ወለሉ የተነሳ ቤት ይመስላል።

ባሏ ኬኔት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከእያንዳንዱ ዝግጅት በኋላ እየሳቀ ይጠይቃት ነበር።

"ደስ ይል ነበር። ግን ያንቺ ድምፅ የትኛው ነው?"

"ከሥር ያለው ነዋ።"

"ከሥር ምንም አልሰማሁም።"

ዕድሜ ልካቸውን ሳቁበት። ኤስሜ ግን የሳቀችው በጥርሷ ብቻ ነው። ኬኔት ድምፅዋን ለይቶ ሳይሰማ ሞተ።

በዚህ ዓመት ነገሩ ተለወጠ። ጀርሊን ለበዓሉ አንድ የድሮ ዜማ አዘጋጀች። ወንዶቹ ወደ አሩባና ወደ ትሪኒዳድ የነዳጅ ሥራ ሲሄዱ ሴቶቹ ባሕር ዳር ቆመው የሚያዜሙት የስንብት ዜማ ነው። በሞርን ሶሌ የማያውቀው የለም፤ ልጅ ሲያስተኙም፣ ልብስ ሲያጥቡም ይሉታል። የኤስሜ እናትም ስትለው ነው የኖረችው። ጀርሊን የመጀመሪያውን ስንኝ ያለ ፒያኖ፣ ያለ አጃቢ፣ በአንድ ሰው ድምፅ ብቻ እንዲባል አደረገችው።

"ታንቲ፣ ይህ የእርስዎ ነው" አለቻት።

"ሶፕራኖዎቹስ?"

"ሶፕራኖዎቹ ያኩርፉ።"

ከዚያ ወዲህ ኤስሜ ዜማውን ሳህን ስታጥብ ትለዋለች፣ ገውዝ ስትለቅም ትለዋለች። ጎረቤቷና የአልቶ ጓደኛዋ ዶርካስ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ "ኧረ እባክሽ፣ ጀልባው ከሄደ ቆየ፣ ተይው!" እስክትላት ድረስ ተለማመደችው። ለልጇም ስልክ ደወለች።

"እሑድ ነይ" አለቻት። "አንድ ቀን እንኳ ለብቻዬ ስዘምር ስሚኝ። አባትሽ እንዳመለጠው አያምልጥሽ።"

ሻርሜይንም መጣች።

ፕሮግራሙ ተወካዩ እስኪመጡ ዘግይቶ ተጀመረ። ቄሱ ጸለዩ። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ተደረገ። ተወካዩም ስለ አዲሱ የአዳራሽ ጣሪያ ተናገሩ፤ ሌላ ማዕበል የድሮውን ጣሪያ ከወሰደው ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሸራ ሥር ስንለማመድ የት ነበሩ ብሎ የጠየቃቸው ግን የለም። መዘምራኑ ሁለት መዝሙር ዘመሩ። ቀጥሎ በፕሮግራሙ ላይ "የመዘምራኑ ታሪክና ስኬቶች በአጭሩ" የሚል ነበር። ከእሱ ቀጥሎ የኤስሜ ተራ ነው።

ቲቸር ሮልስተን መነጽራቸውን ጠርገው ተነሱ።

"በአጭሩ እናገራለሁ" አሉ።

ዶርካስ በክርኗ ኤስሜን ነካ አደረገቻት። "እግርሽን ዘርጊ። ገና ከማዕበሉ ሊነሱ ነው።"

እውነትም ከማዕበሉ ተነሱ። ነፋሱ ከየት እንደመጣ፣ የማን ጣሪያ የማን ግቢ ውስጥ እንደወደቀ ተናገሩ። መዘምራኑ የመጀመሪያውን ዋንጫ እንዴት እንዳሸነፉ፣ ዳኛው ምን ብሎ እንዳደነቀ ተናገሩ። በጀልባ ወደ ባርቤዶስ ሲሄዱ ባሕሩ ቴነር ዘማሪዎቹን ወንዶች ሁሉ እንዴት እንዳስመለሳቸው ሲናገሩ አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ አበረታታቸውና ስለ መልስ ጉዞውም ጨመሩበት። ግሬናዳ ነፃ በወጣችበት ዓመት መዘምራኑ ከተማ ሄደው እንደዘመሩ ነገሩን፤ ያን ቀን የለበሱት ቀሚስ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ለማስታወስ ቆም አሉ።

"ሰማያዊ!" አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

"አረንጓዴ ነው" አለች ሌላዋ።

"ወደ ቀለሙ እመለስበታለሁ" አሉ ቲቸር ሮልስተን።

"እግዚኦ" አለች ዶርካስ።

ከዚያ በየዘመኑ ለብቻቸው የዘመሩትን በስም ጠሩ። ሜልባ፣ አግነስ፣ ያቺ ወደ እንግሊዝ የሄደችው ሪታ። ለእያንዳንዷ ጭብጨባ ተደረገ። "ሌሎችም ነበሩ" አሉና ገጹን ገለጡ።

ዶርካስ ወደ ኤስሜ ጎንበስ አለች። "ሰማሽ? ሌሎች ማለት እኛ ነን። እጅሽን አውጪና ሰላም በያቸው።"

ኤስሜ አልሳቀችም። የዜማውን የመጀመሪያ ድምፅ በጉሮሮዋ ይዛዋለች። እንዳይጠፋባት እየፈራች በአፍንጫዋ ታንጎራጉረዋለች፤ ትውጠዋለች፤ ደግሞ ትፈልገዋለች። ከአዳራሹ ጀርባ በትልቁ ድስት የሚበስለው ኦይል ዳውን የሚባለው ወጥ ሽታ፣ የዳቦ ፍሬውና የኮኮናቱ ወተት፣ በመስኮት እየገባ ሕዝቡን ያቁነጠንጠዋል። ውጭ ደግሞ ወደ ሴንት ጆርጅስ የሚመለሰው አውቶቡስ ጥሩንባውን ነፋ። እሑድ ከእሱ በኋላ ሌላ አውቶቡስ የለም። ሻርሜይን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አንዴ በሩን፣ አንዴ እናቷን ታያለች።

ጀርሊን ከመድረኩ ጎን ሆና ለቲቸር ሮልስተን በእጇ ምልክት ሰጠቻቸው። እጃቸውን አንስተው ሰላም አሏት። በጣቷ የእጅ ሰዓቷን አሳየቻቸው። "አዎ፣ ወደ ሰማንያዎቹ ልገባ ነው" አሉና ቀጠሉ።

ጀርሊን ጎንበስ ብላ በአግዳሚዎቹ መካከል መጣች። ፊቷ ቀልቷል።

"ታንቲ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተወካዩ ሊሄዱ ነው፣ አውቶቡሱም ሊሄድ ነው። ቲቸር ሲጨርሱ የመዝጊያውን መዝሙር ብቻ ዘምረን እንዘጋለን።"

"የኔስ?"

"ለገና በዓል እናደርገዋለን።"

"ለገና የገና መዝሙር ነው የሚዘመረው፣ ጀርሊን። ልጄ ዛሬ ነው የመጣችው።"

"ታንቲ፣ እኔ ምን ላድርግ? አስተማሪዬ ናቸው፤ ማይኩን ከእጃቸው ልቀማ?"

ጀርሊን መልስ ሳትጠብቅ ተመለሰች። ኤስሜ እጇን ቀሚሷ ላይ ጨበጠችው። ማንን መቆጣት እንዳለባት አላወቀችም። ቲቸር ሮልስተን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ማይክ ሲያዩ ብቻ ነው እንዲህ የሚሆኑት።

ዶርካስ አጉረመረመች። "ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ኖሮ እስካሁን መዝሙር ተነስቶባቸው ነበር።"

በሞርን ሶሌ ሰባኪ ሲያስረዝም ማንም በቃህ አይለውም። ከሕዝቡ አንዱ ከተቀመጠበት ሆኖ መዝሙር ያነሳል፣ ሁሉም ይከተለዋል፣ ሰባኪውም አብሮ እያጨበጨበ ይቀመጣል። ማንም አይቀየምም። የቄስ አልፎንስ ስብከት ሁለቴ ሦስቴ እንዲህ አልቋል። አዳራሽ ውስጥ፣ ተወካይ ፊት፣ ያውም ከመዘምራኑ አግዳሚ ላይ ግን ተደርጎ አያውቅም።

ቲቸር ሮልስተን ውኃ ጠጡ። "አሁን ወደ ቀሚሱ ቀለም ልመለስ" አሉ።

ያኔ ኤስሜ አፏን ከፈተች። አልተነሳችም፣ ለመነሳት አላሰበችም። ሲያንቃት የዋለው ድምፅ ራሱ ወጣ።

"ጀልባው ሄደ፣ ሸራው ነጣ፣"

አዳራሹ ጸጥ አለ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወፍራም ነበር፤ ትንሽ ሻካራ፣ ግን የማይንቀጠቀጥ። አዲሱ ጣሪያ ተቀብሎ መለሰላት። ሻርሜይን ከቦርሳዋ ቀና ስትል ኤስሜ አየቻት። ይኸው፣ አለች በልቧ፣ ይኸው የኔ። ወደ ሁለተኛው ሐረግ ልትሄድ ትንፋሽ ሳበች።

"ስሜን ንፋስ ይዞት ወጣ!"

ይህን ያለችው ግን ኤስሜ ብቻ አልነበረችም። ዶርካስ ጓደኛዋን ብቻዋን ላለመተው ገባች። የኋላ ረድፍ ገባ። ባስ ዘማሪዎቹ ወንዶች ገቡ። ቄስ አልፎንስ ልማዱን ያውቁታልና እያጨበጨቡ ተነሱ፣ ተወካዩም ተከተሏቸው። ከመቀመጫ የተነሳ ዜማ የሁሉም ነው፤ ልጅም ያውቀዋል። ኤስሜ ብቻ በዚያች ደቂቃ ረስታው ነበር። ቲቸር ሮልስተን "እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ!" ብለው እየሳቁ ወረቀታቸውን አጠፉ። አዳራሹ በሙሉ በእግሩ ቆሞ ስንኙን ደገመው፣ ለሦስተኛ ጊዜም አለው።

ኤስሜ ጮኸች። ከሁሉም በላይ ልትሰማ ጉሮሮዋ እስኪላጥ ጮኸች። ግን ዋናውን ዜማ ሕዝቡ ወስዶታል፤ ሶፕራኖዎቹም ከላይ ተሰቅለውበታል። ሦስተኛው ዙር ላይ አንድ ነገር ታወቃት። ማንም ሳያዛት፣ ሃምሳ ዓመት እንደለመደው፣ ድምፅዋ ከዜማው ወርዶ ሥር ገብቷል። አልቶዋን እየዘመረች ነበር።

ዜማው ሲያልቅ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ጀርሊን እየሮጠች መጥታ አቀፈቻት።

"ታንቲ፣ አዳኑን! ከእርስዎ በቀር ማን ይደፍር ነበር?"

"አሁን ብቻዬን ልበለው" አለች ኤስሜ።

"የቱን?"

"ስንኙን። የኔን።"

"ተባለ እኮ፣ ታንቲ! ሦስት ጊዜ ተባለ። ሰው ሁሉ ቆሞ! ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?"

ኤስሜ መለሰችላት፤ ግን በጭብጨባው መሐል ምን እንዳለች አልተሰማም።

አውቶቡሱ እንደገና ጥሩንባ ነፋ። ሻርሜይን በሰው መሐል እየተጋፋች ወደ መድረኩ ደረሰች። ዓይኗ በደስታ ያበራል።

"እማ፣ እንዴት ደስ ይል ነበር! አያቴ ስትለው የነበረው እኮ ነው። እኔም አልኩት፣ ሰማሽኝ?"

"መጀመሪያ ላይ ሰማሽ?" አለች ኤስሜ።

"መጀመሪያ ማን ነው ያነሳው? ያቺ ወፍራም ድምፅ የዶርካስ ናት አይደል?"

ኤስሜ የልጇን አንገትጌ አስተካከለች። "ሂጂ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሻል" አለቻት።

"ያንቺ ሳይደርስ ልሄድ ነው። በጣም ነው ያናደደኝ፣ እማ። ሰውዬው ናቸው ያበላሹብሽ።"

"ሂጂ" አለች ኤስሜ ደግማ።

ሻርሜይን ሄደች። የመዝጊያው መዝሙር ተዘመረ። የምስጋናውን ንግግር እንዲያቀርቡ ተመድበው የነበሩትም ቲቸር ሮልስተን ስለነበሩ ተመልሰው ማይኩን ያዙ። ምግቡ የቀረበው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ሐሙስ ልምምድ ነበር፤ ታንቲ ኤስሜ አልሄደችም።